ምዕራፍ ስድስት፦ ደንቡ ለሁሉም፣ መዝገቡ ለባለቤቱ

ጭልሞ በምዕራብ ሸዋ፣ ደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የጽድ፣ የዝግባና የወይራ ደን ነው። በመካከለኛው ደጋ ተመንጥሮ ካለቀው ጥንታዊ ደን ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ የአካባቢው ሰው ይሳሳለታል። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች የዚህ ደን መሬትና የከተማዋ ኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው ተቃውሞ ወጡ። ተቃውሞው ወደ አምቦ ተሻገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የአገሪቱን አመራር እስከ መቀየር ደረሰ።

በአደባባይ የሆነው ብዙ ተጽፎበታል። በዚያው ወቅት በኮምፒውተሮች ውስጥ ስለተካሄደው ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የተቃውሞውን ዜና ከሚያሰራጩት አንዱ መቀመጫውን በአሜሪካ ያደረገው ኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የጣቢያው ዋና ዳይሬክተር ጃዋር መሐመድና ሌሎች በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሊንክ ያዘሉ ኢሜይሎች ይደርሷቸው ጀመር። ሊንኩን የከፈተ ሰው የታወቀ የኤርትራውያን የቪዲዮ ድረ ገጽ የሚመስል ገጽ ያገኛል። ገጹም ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም ማደስ እንደሚያስፈልግ ይነግረዋል። የታመነ ሰው ማሻሻያውን ይጭናል፤ አብሮት የስለላ ሶፍትዌር ይገባል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሁለት ጌታ አለው።

ኢሜይሎቹ ጥርጣሬ አስነሡ። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ለተባለ የምርምር ተቋም ተላኩ፤ ተመራማሪዎቹም ክሩን ይዘው መጎተት ጀመሩ።

መዝገቡ የተናገረው

ማንኛውም ኮምፒውተር ውሎውን ይጽፋል። ማን ገባ፣ ስንት ሰዓት ገባ፣ ከየት አድራሻ መጣ፣ የትኛውን ፕሮግራም አስነሳ፣ የትኛውን ፋይል አወረደ፤ ሁሉም መስመር በመስመር ሊመዘገብ ይችላል። ባለሙያዎቹ ይህን የውሎ መዝገብ ሎግ ይሉታል። አብዛኛው ሰው አይቶት አያውቅም፤ አብዛኛው መሥሪያ ቤትም አንድ ነገር እስኪበላሽ ድረስ አይከፍተውም።

የስለላው ሶፍትዌር የሚታዘዝበት ሰርቨርም የራሱን ሎግ ይጽፍ ነበር። አሠሪዎቹ ግን ሎጉን ከሕዝብ ዓይን ሳይሸሽጉት ቀሩ። አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበርና የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ከአንድ ዓመት በላይ ተከታተሉት። እያንዳንዱ መስመር የአንድን መሣሪያ መለያ ቁጥር፣ የኢንተርኔት አድራሻና ሰዓት ይዟል። መስመሮቹ ሲደረደሩ ታሪኩ ራሱን ተረከ፦ ሶፍትዌሩን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች የሚገናኙት ከኢትዮጵያ ነበር፤ የተበከሉት ኮምፒውተሮች ደግሞ በ20 አገሮች ተበትነዋል።

ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ወጣ። ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት የተባለ፣ የእስራኤሉ ኤልቢት ሲስተምስ ንዑስ ኩባንያ የሠራው መሆኑን አስረዳ። ኩባንያው በበኩሉ ሻጭ እንጂ ተጠቃሚ አለመሆኑን ገለጸ። ራሱ ኩባንያው ያንቀሳቅሳቸው የነበሩ የሚመስሉ ሌሎች ሰርቨሮች ሎጎች ደግሞ የሠራተኞቹን ጉዞ ጭምር አሳይተዋል፤ ለማሳያ የተበከሉ ላፕቶፖችን ይዘው ከአገር አገር ሲዞሩ መሣሪያዎቹ በደረሱበት ሁሉ አሻራ ጥለው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይወጣል። አንደኛው፣ ሎግ በትዕግሥት የሚያነበው ሰው ካገኘ የተደበቀውን ሁሉ ያወጣል። ሁለተኛው ከዚያው የሚወለድ ነው፦ የሚያወጣው የአጥቂውን ብቻ ሳይሆን የተጠቂውንም ምስጢር ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ያረፈው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። ጥቃትን የምንለይበትን ምልክት ለሁሉም በነጻ እናካፍል፤ የሰዎች ውሎ የተጻፈበትን መዝገብ ግን እንጠብቅ።

ደንብ ምን ይመስላል?

በገጠር ከብት ሲሰረቅ ኮቴ ይፈለጋል። ኮቴውን ያገኘ ሰው ለጎረቤት ቀበሌ የሚልከው መሬቱን ቆፍሮ ሳይሆን ምልክቱን ተናግሮ ነው፦ የፊት ቀኝ እግሩ ሰንጣቃ ነው፣ አጠገቡ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው አለ፣ ወደ ጉደር አቅጣጫ ያመራል። ይህን የሰማ ሁሉ በደጁ ሲያልፍ ያውቀዋል።

በሎግ ላይም የሚላከው ይኸው የምልክት ቃል ነው፤ መለያ ደንብ እንለዋለን። መለያ ደንብ ለኮምፒውተር የሚሰጥ አጭር ትእዛዝ ነው፦ ከዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካየህ አሳውቀኝ።

ደንቦችን የማካፈል ልማድ አዲስ አይደለም። ማርቲን ሮሽ እ.ኤ.አ. በ1998 ስኖርት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ሲያወጣ በኔትወርክ ላይ የሚያልፍን ጥቃት የሚለዩ ደንቦች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ጀመር። ቆይቶ በቪክቶር አልቫሬዝ የተሠራው ያራ ለተንኮለኛ ፋይሎች ተመሳሳዩን አደረገ። ለሎግ ግን የጋራ ቋንቋ አልነበረም። እያንዳንዱ የሎግ መመርመሪያ ምርት የራሱ መጠየቂያ ቋንቋ ስላለው በአንዱ የተጻፈ ደንብ በሌላው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ገደማ ሁለት ጀርመናውያን፣ ፍሎሪያን ሮትና ቶማስ ፓትስኬ፣ ሲግማ የተባለውን የጋራ አጻጻፍ አወጡ። በሲግማ አንድ ጊዜ የተጻፈ ደንብ በመለወጫ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ብዙ ምርቶች ቋንቋ ይገለበጣል። ዛሬ በነጻ የተከፈተው የሲግማ ስብስብ ከ3,000 በላይ ደንቦች አሉት።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ባድ ራቢት የተባለ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሩሲያንና ዩክሬንን መታ፤ የኪየቭ ሜትሮና የኦዴሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። መግቢያው ምን ነበር? የሐሰት የፍላሽ ማሻሻያ። በተጠለፉ የዜና ገጾች ላይ ብቅ ብሎ ጫኑኝ ይላል። ጥቃቱ በተሰማበት ሳምንት በሲግማ ስብስብ ውስጥ አንድ ደንብ ገባ። በአማርኛ ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

ርእስ፦ ከማይታወቅ ቦታ የወረደ የፍላሽ ማሻሻያ
መዝገብ፦ የመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት መውጫ ሎግ
ፈልግ፦ በወረደው ፋይል አድራሻ ውስጥ የፍላሽ መጫኛ ስም ካለ
ተው፦ አድራሻው የራሱ የአዶቤ ከሆነ
ሁኔታ፦ የሚፈለገው ተገኝቶ የሚተወው ካልሆነ
የአደጋ ደረጃ፦ ከፍተኛ

ከዚህ የሚከብድ ነገር የለውም። ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው እንኳ ሐሳቡን ይረዳዋል፦ የአዶቤን ዕቃ የሚሰጥ አዶቤ ብቻ ነው፤ ከሌላ በር የመጣ ከሆነ ጠርጥር።

አሁን ቀኖቹን አነጻጽሩ። ይኸው የሐሰት ፍላሽ ዘዴ በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ደንቡ የተጻፈው በ2017፣ ያውም የኪየቭ ሜትሮ ከተመታ በኋላ ነው። የፋይሉ ስም ከጥቃት ጥቃት ሊለያይ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ያን ጊዜ እነዚያን ጥቂት መስመሮች ጽፎ ለዓለም ክፍት ቢያደርግ ኖሮ፣ ኪየቭ ያለው ባለሙያ አንድ ዓመት ቀድሞ ምልክቱን በእጁ ይይዝ ነበር። እኛ በዚህ ሥራ ከሌላው የምንቀበል ብቻ አይደለንም። ሌላው ያላየውን ቀድመን የምናይበት ጊዜ አለ፤ ያየነውን ባለመጻፋችን ግን ለራሳችንም ለሌላውም ሳይጠቅም ይቀራል።

ጠላትም ያነባልና

ደንብን ክፍት ማድረግ ሲነሳ ወዲያው የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ አጥቂውስ አያነበውም ወይ? ያነበዋል። ስለዚህ የደንቡ ጥራት የሚለካው አጥቂው ካነበበው በኋላም መሥራቱን በመቀጠሉ ነው።

ዴቪድ ቢያንኮ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን በደረጃ አስቀምጦታል። የኢንተርኔት አድራሻን ወይም የፋይልን መለያ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ደንብ አጥቂውን ብዙም አያስቸግረውም፤ በደቂቃ ይቀይረዋል። የአጥቂውን አሠራር የሚይዝ ደንብ ግን ያማል፤ ዘዴውን ከሥሩ እንዲለውጥ ያስገድደዋልና። የዚያ የሐሰት ቪዲዮ ድረ ገጽ አድራሻ ዛሬ ለማንም አይጠቅምም። ማሻሻያ መስሎ የሚገባ ፕሮግራምን የሚያውቅ ደንብ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። እንዲያውም አዶቤ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስላቆመው፣ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ሎግ ላይ የሚታይ አዲስ የፍላሽ ማሻሻያ ያለ ጥርጥር የሚያስደነግጥ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ብዙ ቤዛ ጠያቂ ቫይረሶች ፋይል ሲቆልፉ ዊንዶውስ ያስቀመጠውን መጠባበቂያ ቅጂ ይሰርዛሉ፤ ካልሰረዙ ባለቤቱ ቤዛውን ሳይከፍል ፋይሉን ይመልሳላ። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ያሽመደመደው ዋናክራይም ይህንኑ አድርጓል። ስለዚህ ቅጂ ሰርዝ የሚል ትእዛዝ በሎግ ላይ ሲታይ የሚጮህ ደንብ ስሙ ገና ያልታወቀ ቫይረስንም ይይዛል። አጥቂው ደንቡን ቢያነብም ቅጂውን ሳይሰርዝ ማለፍ ይከብደዋል።

ደንብን መደበቅ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ፋየርአይ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ኩባንያ ቀዳሚው ደባቂ በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2020 የራሱ የጥቃት መሞከሪያ መሣሪያዎች መሰረቃቸውን ይፋ አደረገ። ለኩባንያው ከዚህ የከፋ ሀፍረት አልነበረም። በዚያው ቀን ግን የተሰረቁትን መሣሪያዎች የሚለዩ ከ300 በላይ ደንቦችና ምልክቶች ለዓለም በነጻ ለቀቀ። ከአምስት ቀን በኋላ የሌባው መግቢያ ሶላርዊንድስ በተባለ ኩባንያ የሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ የተደበቀ መሆኑን ከመለያ ደንቦቹ ጋር አወጣ። እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች የተመረዘውን ማሻሻያ ተቀብለው ነበር፤ የአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ነበሩበት። አንዱ ተጎጂ የደረሰበትን በመናገሩ ሌሎቹ በራሳቸው ሎግ ውስጥ ተመሳሳዩን አሻራ ፈልገው አገኙ።

የአምቦ ሰዓት፣ የአምቦ መብራት

ክፍት ደንብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለትንንሽ ከተሞች ነው። በአዲስ አበባ ያለ ትልቅ ባንክ የደኅንነት ቡድን መቅጠር፣ ውድ ሶፍትዌር መግዛት ይችላል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በሆለታ፣ በጊንጪ ያለ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ያለው አንድ የአይቲ ሠራተኛ ቢሆን ነው፤ እሱም የተበላሸ ፕሪንተር ሲጠግን ይውላል። ለእሱ ሌላ ሰው ጽፎ፣ ሞክሮ፣ አስተካክሎ በነጻ የሰጠው ደንብ ማለት ያልተቀጠረ ባልደረባ ማለት ነው።

እንበልና የአንድ ቁጠባ ማኅበር ኮምፒውተር ላይ ሌሊት ይህ ተመዘገበ። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ክስተት ቁጥር አለው። 4625 የሚል መስመር መቶ ጊዜ ተደጋገመ፤ የይለፍ ቃል ተሞክሮ አልተሳካም ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ 4624 መጣ፤ ገባ ማለት ነው። ቀጥሎ 4720፤ አዲስ ተጠቃሚ ተፈጠረ። በመጨረሻ 1102፤ የደኅንነት ሎጉ ተጠረገ። አራቱ ቁጥሮች በዚህ ቅደም ተከተል ሲመጡ የሌባ ውሎ ናቸው። ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ግን ሁሉም ደህና ይመስላል። ደንብ ከሌለ ማንም አያይም። በመጨረሻው መስመር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ፦ ሌባው ሎጉን ስለሚጠርግ የሎጉ ቅጂ ወደ ሌላ ማሽን ወዲያው መላክ አለበት።

ከውጭ የመጣ ደንብ ግን እንዳለ አይሠራም፤ ከቦታው ጋር መላመድ አለበት። ሲግማ ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። ደንብ ጸሐፊው ደንቡ በከንቱ የሚጮህበትን ሁኔታ ራሱ እንዲጽፍ የሚጠይቅ መስመር አለ። ይህ መስመር የሙያው ሐቀኝነት መለኪያ ነው።

በእኛ አገር በዚያ መስመር ላይ ምን ይጻፋል? አንደኛ፣ መብራት። ሰርቨር በድንገት ጠፍቶ መነሣቱ በሌላ አገር ያልተለመደ ክስተት ሆኖ ማስጠንቀቂያ ሊያስነሣ ይችላል፤ እኛ ዘንድ በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ያጋጥማል። ሁለተኛ፣ ሰዓት። ሎጎች ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ክልል ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ እኛ ደግሞ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከማለዳ ነው። በሎጉ ላይ 23 ሰዓት የተባለው አምቦ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህን ያላስተካከለ ከሥራ ሰዓት ውጭ የገባን ጠርጥር የሚል ደንብ የምሽቱን እንግዳ አሳልፎ ጠዋት የገባችውን ገንዘብ ያዥ ያስደነግጣል። ሦስተኛ፣ በዓል። የአውሮፓ ደንብ እ.ኤ.አ. የታኅሣሥ መጨረሻን ዝምታ ብሎ ይጠብቃል፤ የእኛ ቢሮዎች ግን በዚያ ሳምንት ይሠራሉ። በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ግን ሰው የለም፤ አጥቂም ሰው የሌለበትን ቀን ይመርጣል።

እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ እዚህ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የአምቦው የአይቲ ሠራተኛ የውጭውን ደንብ ሲያስተካክል ማስተካከያውን ለብቻው ይዞ ቢቀር የወሊሶና የነቀምት ባልደረቦቹ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ።

ደንቦቹን የሚያስኬደው መሣሪያም ገንዘብ አይጠይቅም። ዋዙህ የተባለው ሎግ ሰብሳቢ ነጻና ክፍት ነው። በጃፓን ባለሙያዎች የተሠራው ሃያቡሳና ቼይንሶው የተባለው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ የሲግማ ደንቦችን በዊንዶውስ ሎግ ላይ ያለ ኢንተርኔት ያስኬዳሉ። ይህ ለምዕራብ ኦሮሚያ ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በአካባቢው ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ደንብ ጽሑፍ ስለሆነ በፍላሽ ዲስክ ተይዞ ከከተማ ከተማ ይሄዳል።

መዝገቡ ውስጥ ሰው አለ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት ተዳረሰ፤ ብዙ ተማሪዎችም ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ሁኔታው የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ። ማን፣ መቼ፣ ስንት ብር እንዳወጣ ግን መዝገቡ ያውቃል፤ ባንኩም በዚያ መዝገብ ተመርቶ ሰዎቹን ፈለገ፣ ያልመለሱትን ስማቸውን ይፋ አደረገ።

ይህን የማነሣው መዝገብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማሳየት ነው። በሎግ ውስጥ ያለው የእያንዳንዳችን ውሎ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የመልእክት ልውውጥ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደነገገ። አንድ ሆስፒታል ጥቃት ደረሰብኝ ብሎ ሎጉን በቴሌግራም ለወዳጅ ባለሙያ ቢልክ፣ የትኛው ሐኪም በስንት ሰዓት የማንን ፋይል እንደከፈተ አብሮ መላኩ ነው። በተቃውሞ ዘመን የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ማን ከማን ጋር ተነጋገረ የሚለው ብቻውን ሰው ያሳስር ነበር።

የመለያ ደንብ ትልቁ በጎነት እዚህ ላይ ይታያል። ደንብ ውስጥ ሰው የለም። የማንም ተጠቂ ስም፣ አድራሻ ወይም ሒሳብ የለበትም። ልምዱን ያስተላልፋል፣ ምስጢሩን ያስቀራል። መሥሪያ ቤቶቻችን ተጠቃን ለማለት ስለሚያፍሩና ሎጋቸውን ለማሳየት ስለሚፈሩ ዝም ይላሉ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ደንብ ግን የተጠቂውን ስም ሳያነሣ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ዘዴ አየን፣ እንዲህ ብላችሁ ፈልጉት ማለት ብቻ ይበቃል።

ከየት ይጀመር?

መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ። አምቦ ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ተቋማት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ። አንድ ተማሪ አንድ መለያ ደንብ ጽፎ፣ በእውነተኛ ማሽን ላይ ሞክሮ፣ በከንቱ የሚጮህበትን መዝግቦ፣ ማብራሪያውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ ቢያወጣ፣ ሥራው መደርደሪያ ላይ አይቀርም። የሲግማ ደንቦች የሚወጡበት ፈቃድ ማንም እንዲጠቀምባቸው ይፈቅዳል፤ የጸሐፊውን ስም ግን እንዲይዝ ያስገድዳል። ጊንጪ የተጻፈ ደንብ ቶኪዮ ላይ ሲጮህ የጸሐፊው ስም አብሮ ይወጣል። ለወጣት ባለሙያ ከዚህ የተሻለ የሥራ ማስረጃ የለም።

ቀጥሎ ከመንግሥት። በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሥር ያለው ኢትዮ ሰርት ጥቃቶችን ይከታተላል፤ ስለ ጥቃት ሙከራዎች ብዛትም አስተዳደሩ በየጊዜው መግለጫ ይሰጣል። ብዛቱን የሰማ የቁጠባ ማኅበር ግን በቁጥር ብቻ ምንም ማድረግ አይችልም። ከእያንዳንዱ መግለጫ ጋር አንድ ደንብ ቢወጣ በማግሥቱ በሺህ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ከመንግሥት የሚወጣ ደንብ እንደማንኛውም ክፍት ደንብ ለሁሉም የሚነበብ ስለሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደማይፈልግ ማንም ሊመረምረው ይችላል። የስለላ ታሪክ ባለበት አገር መተማመን የሚገነባው በዚህ ዓይነት ግልጽነት ነው።

በመጨረሻም ከየግላችን። ደንብ ለመጠቀም የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር ሎጉ መኖሩ ነው፤ በብዙ ቢሮ ሎጉ ጠፍቶ ወይም ሞልቶ ራሱን እየሰረዘ ነው። የደኅንነት ሎጉን አብሩት፤ መጠኑን አስፉት፤ ቅጂው ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ፤ ለማየት የተፈቀደለት ሰው ይወሰን። ከዚያ አሥር ደንቦችን መርጣችሁ አስኪዱ። ከአሥሩ ሰባቱ በመብራት መጥፋት የተነሣ በከንቱ ቢጮሁ አትሰልቹ፤ አስተካክሏቸውና ያስተካከላችሁትን ለሚቀጥለው ከተማ ስጡ። ጥቃት የሚያደርሱብን ወገኖች ዘዴያቸውን እርስ በርስ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉም። እኛ መከላከያችንን በነጻ ብንሰጣጥ ከእነሱ ይልቅ ፈጣኖች የምንሆንበት ዕድል አለን።